እኔ የጻፍኩት ዝናብ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ጣሳው አልዋሸም። ገበሬዎቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን ሲያጠፉት የከረሙት ያ ምስኪን ጣሳ፣ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ መሀል በእንጨት እግር ላይ ቆሞ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የሚውለው የዝናብ መለኪያ፣ ምንም ጥፋት የለበትም። ውሃ ከገባበት ይዞ ይጠብቃል፤ ካልገባበት ባዶውን ይቆማል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ደፋር ብሆንማ ኖሮ በጊዜው ተናግሬ እህቴ በሬዎቿን ይዛ ገበያ ባልወጣች ነበር።

ሥራዬ ቀላል ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ጣሳው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ እገለብጣለሁ፤ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አይቼ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፤ ጣሳውን ደፍቼ መልሼ አቆማለሁ። አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ስሠራ ሰው ሁሉ ስሜን ረስቶ «ሚሊሜትር» ይለኛል። ባለቤቴ ሳትቀር ስትናደድ «ስማ አንተ ሚሊሜትር» ነው የምትለኝ። የቀረውን ቀን እዚያው የግብርና ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ፣ ማዳበሪያ ሳከፋፍል እውላለሁ። እሱን ማንም ሊሠራው ይችላል። የጣሳው ነገር ግን የኔ ነበር፤ በእውነቱ እኮራበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለገበሬው የድርቅ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገበሬው ዘር ሲዘራ ትንሽ ገንዘብ ይከፍላል። የዝናቡ ወቅት ሲያበቃ ጣሳው የያዘው ውሃ ተደምሮ ከመቶ ሃምሳ ሚሊሜትር ካነሰ፣ ለተመዘገበው ሁሉ ካሳ ይከፈላል፤ ከበለጠ የለም። ማሳ መዞር፣ የደረቀ አገዳ ማየት የሚባል ነገር የለም። ዳኛው ጣሳው ነው። የኢንሹራንሱ ሰውዬና እኔ ወንዝ እየተሻገርን፣ መንደር ለመንደር እየዞርን ገበሬውን አስመዘገብን። ሰውዬው ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አፉ የሚፈጥን እንግዳ ስለሆነ ማንም አላመነውም። እኔን አመኑኝ። በታላቅ እህቴ መንደር ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። እትዬ ነው የምላት። የሚለካው ወንድሜ ከሆነ እኔን ጻፉኝ አለች። ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ሰው ተከታትሎ ተመዘገበ።

ዘንድሮ ታዲያ ሰማዩ አሾፈብን። ጠዋት ጠዋት ዳመናው ይሰበሰባል፤ ይጠቁራል፤ ያጉረመርማል፤ ሴቶቹ ልብስ ከገመድ ላይ ለማንሳት ይሯሯጣሉ፤ ከዚያ ነፋስ ይነሳና ሁሉንም ጠራርጎ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር ጥቂት ደህና ቀናት ስለነበሩ ዘሩ በቀለ። ሁለተኛው ወር ላይ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉ ተጠቀለለ። በሦስተኛው ወር እትዬ ማሳውን ለከብት ለቀቀችው፤ ከብቶቹም ብዙ አላገኙበትም።

ድርቅ ለማየት ግን ማሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ገበያ መውጣት ይበቃል። ነጋዴው እንደሆነ አፍንጫው ረዥም ነው፤ ገበሬው ገና አንጋጦ ሰማይ ማየት ሲጀምር እሱ መጋዘኑን ይቆልፋል። በኪሎ እንገዛው የነበረውን ሽንኩርት በፍሬ መግዛት ጀመርን። ዘይቱ በሊትር መሆኑ ቀርቶ አውራ ጣት በምታክል ላስቲክ ተቋጥሮ መጣ። ምስሩ ቀጥኖ ቀጥኖ መጨረሻ ላይ በማንኪያ የሚጠጣ ሆነ። ዳቦው ደግሞ ዋጋው እንዳለ ሆኖ ራሱ እየጫጨ ሄደና፣ ትንሿ ልጄ አንድ ቀን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችውና ለአሻንጉሊቴ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ ሳቀች። እኔ የደመወዜን ነገር እያሰብኩ ነበር።

የሸማቾች ሱቅ ዱቄት በድሮው ዋጋ ያወጣል። ችግሩ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፤ በሩ የሚከፈተው ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ስም ሲጠራ በአካል የሌለ ይሰረዛል። ሦስት ሰዓት፤ ልብ አድርጉልኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፤ ገና ሳይነጋ ትገባለች፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምትወጣው። እንግዲህ ሰልፉ ላይ ማን ይቁም? ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ስል ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ማንም አባት የሚሠራውን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የኔ የብቻዬ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰልፍ ስመለስ ረፍዶም ቢሆን ጣሳውን አይ ነበር። ባዶ ነው፤ ዜሮ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ ማየቱ ሰለቸኝ። ግቢው አቧራ ነው፤ አቧራው ላይ ትናንት የረገጥኩበት ጫማዬ ሳይቀር ይታያል፤ ምኑን ልየው? ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዜሮ እጽፋለሁ። ይህም ቢሆን ሰው አልጎዳም፤ ዜሮውን ዜሮ ነው ያልኩት።

ያጠፋኝ የሰኞ ስልክ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ቁጥሮቹን ለዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ አነብለታለሁ። አምና ሌላ ጣቢያ ላይ ያለ አንድ ባልደረባችን ለወር ያህል ጣሳውን ሳያይ ዜሮ ሲደረድር፣ ለካ በመሀሉ ድልድይ የወሰደ ዝናብ ጥሎ ኖሯል፤ ሰውየው በማግስቱ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪው ዜሮ በሰማ ቁጥር ይጠራጠራል። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ስለው በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። በሦስተኛው ሰኞ እያነበብክ ነው ወይስ ተኝተህ ነው አለኝ። ቢሮ የምገባበትን ሰዓት ጠየቀኝ። አንድ ቀን ሳይታሰብ መጥቶ እንደሚያየኝም ነገረኝ። ሰልፍ እየሄድኩ ነው ማለት አልችልም፤ በሥራ ሰዓት ነው። እውነቱን ብጽፍ ሰነፍ ልባል ነው፤ ውሸት ብጽፍ ታታሪ። እስኪ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ዳመናው ከብዶ ነበር። ከሰልፍ ባዶ እጄን ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩና «4» ብዬ ጻፍኩ። አራት ሚሊሜትር ምን ታደርጋለች? ብርጭቆ ታች ላይ የምትቀር እርጥበት ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰኞ ስነግረው ተቆጣጣሪው አመሰገነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሦስትና ስድስት ጻፍኩ። ቀን እመርጥ ነበር፤ ዳመና የነበረበትን፣ አንዳንዴም ከሩቅ ያጉረመረመበትን። አያችሁ ብልጠቴን? የማያጠራጥር ዝናብ ነበር የምሠራው። እጄም ለመደው። መጨረሻ ላይ ቆጥሬ እንደደረስኩበት አሥራ አንድ ቀን ዝናብ ሠርቻለሁ፤ በድምሩ አርባ አምስት ሚሊሜትር።

የወቅቱ ድምር ሲሠራ መቶ ስድሳ ሦስት ሆነ። ወረቀቱ የቢሮው በር ላይ ሲለጠፍ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። አርባ አምስቱን ቀነስኩ። መቶ አሥራ ስምንት። አርባ አምስቷን ባልጽፋት ኖሮ ገበሬው ካሳውን ያገኝ ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ለተመዘገቡት ካሳ እንደማይከፈል፣ ቅሬታ ያለው ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚደረግ ስብሰባ ማቅረብ እንደሚችል ተጽፏል። ከሱ በታች የኔ ፊርማ አለ፤ የጣሳው አንባቢ ነኝና።

እዚያው ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ ስልክ አንስቼ ተሳስቻለሁ ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። መዝገቡ ገና ወደ ላይ አልተላከም። ይህን አሁን እንደ ብልህ የምናገረው ያን ጊዜ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አውቄዋለሁ። ቁጭ ብዬ ማዳበሪያ የወሰዱ ሰዎችን ዝርዝር ስገለብጥ ዋልኩ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ድስት እያጠበች ነበር፤ እጇን ሳታደርቅ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ከሥራ ቢያባርሩህ ምን እንበላለን አለች። እኔም ልክ ነሽ አልኩ፤ ሰበብ ያቀበለችኝ ይመስል ደስ አለኝ መሰለኝ፤ ይህን ስናገር ራሱ አፍራለሁ። ቀጥላ ደግሞ እትዬንስ ምን ልትላት ነው አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ ሚሊሜትር ብላኝ አታውቅም።

ገበሬዎቹ በቡድን በቡድን መምጣት ጀመሩ። ጣሳውን ይዞሩታል፤ አንዳንዱ አንኳኩቶ ያየዋል፤ አንዱማ ዱላውን አንስቶ ነበር፣ ዘበኛው ያዘው። እኔ ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ገብቼ ከከረጢት ጀርባ እቀመጣለሁ። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰው፣ የልጆች አባት፣ እንደ አይጥ ከከረጢት ጀርባ።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ መጣች። ከመንደሯ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው በእግር፤ ለመኪና የምትከፍለው ስላልነበራት በእግሯ ነው የመጣችው። ጫማዋን አራግፋ፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቃ፣ ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። እህሉ አልቋል። ለሚቀጥለው ወቅት ዘር የለም። ካሳው ካልመጣ ከስብሰባው በኋላ ባለችው ቅዳሜ በሬዎቹን ትሸጣለች፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር የላትም። በሬ የሌለው ሰው ደግሞ ዝናብ ቢመጣስ በምን ያርሳል? መሬቱን ለባለ በሬ ሰጥቶ ከራሱ ማሳ እኩሌታውን ይቀበላል። እሷ ይህን ለማስረዳት አልደከመችም፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ።

ከዚያ በመስኮቱ ጣሳውን እያየች ጠየቀችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ እውነት ዘንቧል?»

አሁንም ጊዜ ነበር፤ ስብሰባው ሰባት ቀን ይቀረዋል። እኔ ምን አልኩ? አዎ አላልኩም። አይ፣ አዎ ለማለት እንኳ ወኔ አልነበረኝም። «ያው የተጻፈው እሱ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እንግዲያው ዝናቡ ወንዙን ሳይሻገር ቀርቶ ነው አለች፤ እኛን ዘሎን ነው። እኔን አላየችም፤ ሰማዩን ነበር የምታየው። ስትሄድ መንደሩ በሙሉ ጣሳውን ሲሰድብ እሷ እየተከራከረችልኝ እንደሆነ ነገረችኝ፤ አይዞህ ብላኝ ሄደች። እሷ እኮ ናት አይዞህ ያለችኝ።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር፣ በኛው አዳራሽ። ከአራት መንደር የመጣ ሰው አግዳሚውን ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ጫማውን አስወልውሎ ተቀምጧል። እኔ ከጎኑ፣ መዝገቡን ታቅፌ። የዚያን ቀን እናገራለሁ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት፤ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ። እሷም ሸሚዜን ተኩሳ ሰጠችኝና ሂድ አለችኝ። ሰውዬው ቁጥሮቹን ሲያነብ አሁን እነሳለሁ፣ አሁን እነሳለሁ እያልኩ አልተነሳሁም።

አንብቦ ሲጨርስ የእትዬ የማሳ ጎረቤት ተነሳ። ባርኔጣውን አውልቆ ስለማያውቅ ባለ ባርኔጣው ነው የሚሉት። ጣሳው ውሸታም ነው አለ፤ ጣሳው ካልዋሸ ደግሞ ሚሊሜትር ዋሽቷል። አዳራሹ ተንጫጫ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ቢመታም የሰማው የለም። ዝም ያሰኛቸው የእትዬ መነሳት ነው። ድምፅዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ የማትናገር ሴት ስለሆነች ነው።

«ጣሳውን አትስደቡ» አለች። «ወንድሜ ከጻፈው ዘንቧል። እኛን ነው የዘለለን። ምን በድዬ ነው እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ፈር መሬት ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፤ ፈሩንም ለቅቄለታለሁ። እናንተም የየራሳችሁን ፈልጉ፤ በሰው ልጅ አታሳብቡ።»

ባለ ባርኔጣው አንገቱን ደፋ። ድንበሩን ገፍቶ ያረሰባት እሱ ነው። ያቺ ፈር የእትዬ እንደሆነች እኔም፣ እሱም፣ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ እናውቃለን። ስድስት ዓመት አልበገርም ያለችው ሴት፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ለጻፍኩት አራትና ስድስት ብላ፣ ሄዳ የበደላትን ሰው ይቅርታ ለመነች። ማንን እንደበደለች ስታስብ የከረመችው እኔ ከከረጢት ጀርባ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው።

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንበሩ ሲወድቅ ነው የሰማሁት።

«አልዘነበም» አልኩ።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ምን ማለትህ ነው አለ።

«አሥራ አንድ ቀን ጣሳውን ሳላይ ነው የጻፍኩት። ግቢው አቧራ ነበር። አልዘነበም። እትዬ፣ አልዘለለሽም፤ እዚህም አልዘነበም።»

ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር። ከግድግዳው በኩል ግን አንድ ሰው በቀስታ ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሰልፉ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰኞው ስልክ ነገርኳቸው። እየተናገርኩ ሳለ ነገሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ። ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ምነው ብዬ ተመኘሁ። እትዬ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ስጠይቅህስ?» አለችኝ።

ከዚያ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቡን ከእጄ ተቀብሎ አንድ በአንድ የጻፍኳቸውን ቀናት አስመለከተኝ፤ በቀይ ከበባቸው። ከዚያ ለሰዉ አስረዳ። መዝገቡ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ይመረመራል፤ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ይመሳከራል፤ እንደተባለው ሆኖ ከተገኘ ካሳው ይከፈላል። ቢያንስ ሁለት ወር ይፈጃል። ወረቀቱ የተለጠፈ ዕለት ቢነገር ኖሮ እዚሁ ታርሞ ባለፈው ሳምንት ተከፍሎ ነበር አለ፤ ይህን ያለው እኔን ለመውጋት ሳይሆን እንዲያው አሠራሩን ሲያስረዳ ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ገበያ ነው ሲል ሰማሁ። ብዙ ሰው ቅዳሜን ሲያስብ ነበር ለካ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ታገድኩ፤ ቁልፉን አስረከብኩ። ጣሳውን አሁን የሚያነበው ዘበኛው ነው።

ሰው ሲወጣ ባለ ባርኔጣው ወደ እትዬ ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ሲያሽከረክር አየሁት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቅንቃ አለፈችው። በኋላ ከሰው እንደሰማሁት፣ ፈሩን ልመልስልሽ ቢላት አንዴ ሰጥቻለሁ ብላዋለች።

ቅዳሜ ሳልጠራ ሄድኩ። ከብት ተራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል፤ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ሁሉም ሻጭ ነው። ከብቱ ጎድኑ ይቆጠራል። ከገበያው ማዶ፣ እህል ተራ፣ ሰው እርስ በርሱ እየተገፋ ባዶ ከረጢት ይዞ ቆሟል። እዚህ ሲረክስ እዚያ ሲወደድ፣ የአንድ በሬ ዋጋ የአንድ ወር እህል አልሞላ አለ። እትዬ ዳር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ሁለቱን በሬዎች ይዛ ቆማለች። አንደኛው በሬ ሰው ሲበዛ ይደነግጣል፤ ገመዱን በሁለት እጇ ትታገለዋለች። አጠገቧ ስደርስ ሰላም አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም። የሚደነግጠውን በሬ ገመድ አቀበለችኝ። ተቀበልኳት። ጎን ለጎን እስከ እኩለ ቀን ቆምን።

ይቅር በይኝ ለማለት ስንት ጊዜ አፌን እንደከፈትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህቺ ሴት ይቅርታ ስትለምንና ስትሰጥ ነው የከረመችው፤ አሁን እኔም ተጨምሬ እጅሽን ዘርጊ ልበላት? ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። በሬው አንገቱን ትከሻዬ ላይ ይጥላል፤ ያውቀኛል። አምና ለጉብኝት ስሄድ ከማሳ ሲመለስ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነበርኩ።

መጨረሻ ላይ የሥጋ ነጋዴ መጣ። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። የበሬዎቹን ጥርስ አየ፤ ሽንጣቸውን ዳሰሰ፤ ከዚህ ላይ ምን ሥጋ ይወጣል፣ ለመረቅ ቢሆን እንጂ እያለ አፌዘ። እትዬ ያርሳሉ አለችው፤ ሁለቱም አንድ ላይ የተገሩ ናቸው፤ ባትለያያቸው አለችው። እሱ ለማረሻ እንዳልፈለጋቸው ነገራት። እሷም ለሥጋ እንደፈለጋቸው ገባት። ዋጋ ጠራ። አንገበገባት፣ አየሁት፤ ግን ከሱ በፊት የመጡት ሁለት ነጋዴዎች ከዚያም ያነሰ ነው የጠሩት። እሺ አለች።

ሰውየው ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ለማን ልስጥ በሚል ዓይን ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። ገመድ የያዝኩት ወንድ እኔ ነኝና ወደኔ ዞረ።

«ወንድም፣ አንተ ምኗ ነህ?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። ግን ከሐሙስ ወዲህ ምኗ እንደሆንኩ አላውቅም። እሷ ምን ልትለው እንደሆነ ፈርቼ ገመዱን እያየሁ ጠበቅኩ።

«ወንድሜ ነው» አለች እትዬ። ገንዘቡን ተቀበለች። ከዚያ፣ ሰው የራሱን ጥፋት በሚናገርበት ድምፅ «ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለች።

እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አሥራ አምስት። ሰውየው ይህን አያውቅም፤ የሰማው ነገር ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አበጀሽ እናቴ» አላት። «በዚህ በክፉ ቀን አጠገብሽ የሚቆም ልጅ ነው ያሳደግሽው።»

እትዬ ገንዘቡን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። እኔም ገመዱን ለሰውየው አስረከብኩት።